ለጫጩት መኖ የትኛው ኢንዛይም? ጎንደር ላይ ከሚገኘው እህል ተነሥቶ መምረጥ

«የትኛው ኢንዛይም ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ጆንያው ውስጥ ነው። ኢንዛይም መኖ ውስጥ ያለውን ነገር ቆራርጦ እንዲፈጭ የሚያግዝ ዱቄት ነው፤ አንዱ የሚቆርጠው አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ነው፤ ያ ነገር መኖው ውስጥ ከሌለ የተከፈለበት ብር ከኩሱ ጋር ይወጣል። ጎንደር ላይ ደግሞ ጆንያው እንደየሰፈሩና እንደየወቅቱ ይለያያል። ከደባትና ከደባርቅ በኩል ገብስና ስንዴ ይወርዳል፣ ከመተማ በኩል ማሽላ ይመጣል፣ በቆሎው ከቆላውና ከወይና ደጋው ይሰበሰባል፣ ዱቄት ፋብሪካው ፉርሽካና ፉርሽኬሎ (ከፉርሽካ የደቀቀው የስንዴ ተረፈ ምርት) ያወጣል፣ ዘይት መጭመቂያው የኑግ ፋጉሎ። ይህን ሁሉ ወፍጮ ቤት አስፈጭቶ በአካፋ የሚደባልቅ ጫጩት አሳዳጊ ገበያ ላይ ከሚያገኛቸው ኢንዛይሞች የቱን እንደሚገዛ፣ ስንት ግራም እንደሚጨምር፣ የቱን ደግሞ እንደሚተው ነው ከዚህ በታች የምናነጻጽረው። ዋናው ትኩረታችን ከአንድ ቀን እስከ ስምንት ሳምንት ያለው ጫጩት ነው፤ ጣይ ዶሮ የሚለይበት ቦታ ላይ ለይተን እንናገራለን።

ከመግዛታችሁ በፊት

ከፋብሪካ የመጣ የተሟላ መኖ የምትመግቡ ከሆነ ምንም አትጨምሩ። ኮንሰንትሬት (የፕሮቲንና የማዕድን ማጠናከሪያ) ወይም ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ቅይጥ) ገዝታችሁ ከእህል ጋር የምትደባልቁ ከሆነ ደግሞ ጥቅሉ ላይ ያለውን ዝርዝር አንብቡ፤ ብዙዎቹ ፋይቴዝ፣ ማለትም በእህል ውስጥ የታሰረውን ፎስፈረስ የሚፈታው ኢንዛይም፣ አላቸው። ፋይቴዝ ሁለት ጊዜ ቢገባ ጫጩቱን አይጎዳም። የሚጎዳው ዲሲፒው (ፎስፈረስና ካልሲየም ለመስጠት መኖ ላይ የሚጨመረው ዱቄት) ሁለት ጊዜ ሲቀነስ ነው። አምራቹ በኢንዛይሙ ተማምኖ ፎስፈረሱን አስቀድሞ ቀንሶት ሳለ እናንተም ደግማችሁ ከቀነሳችሁ የጫጩቱ እግር ይልፈሰፈሳል።

ኢንዛይም የማይፈታቸውን ችግሮችም አስቀድሞ መለየት ይገባል፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ያለው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግደው ነገር የሚጠፋው በሙቀት ነው፤ አኩሪ አተሩ መቆላት አለበት። ጥቁርና ቀይ ማሽላ ውስጥ ያለውን ታኒን ከእነዚህ ኢንዛይሞች አንዱም አይነካውም። ፍሬውን ስትቆረጥሙት ምላስን የሚያኮማትር ከሆነ መጠኑን ቀንሱት ወይም በነጭ ማሽላ ተኩት። የኑግ ፋጉሎ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ኢንዛይም የሌለውን ነገር አይፈጥርም። የሻገተ እህልም በኢንዛይም አይድንም።

ፋይቴዝ፦ ለአብዛኛው ሰው የመጀመሪያው ግዢ

በእህል፣ በፉርሽካና በፋጉሎ ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ወደ ሁለት ሦስተኛው የሚጠጋው ፋይቴት በሚባል ነገር የታሰረ ነው። የጫጩት ሆድ ይህን ለመፍታት አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ፎስፈረሱ በኩስ ይወጣል፤ እኛም ጉድለቱን በዲሲፒ እንሞላለን። ፋይቴዝ ማሰሪያውን ጉሮሮ ሥር ባለው የእህል ከረጢትና በጨጓራ ውስጥ ይፈታል። ፋይቴት የሌለበት የእህል መኖ ስለሌለ በበቆሎም፣ በማሽላም፣ በስንዴም፣ በገብስም ይሠራል። ከሌሎቹ በፊት ይህን የምናስቀድመው ለዚህ ነው።

የተለመደው መጠን ለጫጩት በኪሎ መኖ 500 ኤፍቲዩ፣ ለጣይ ዶሮ 300 ኤፍቲዩ ነው። ኤፍቲዩ የኢንዛይሙ የሥራ አቅም መለኪያ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ዱቄት በግራም 5,000 ወይም 10,000 ኤፍቲዩ የሚል ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል። ለአንድ ኩንታል መኖ 500 ሲባዛ በ100 ኪሎ፣ 50,000 ኤፍቲዩ ያስፈልጋል። ባለ 5,000 ከሆነ 10 ግራም፣ ባለ 10,000 ከሆነ 5 ግራም ማለት ነው። ለጣይ ዶሮ ባለ 5,000ው 6 ግራም ይበቃል።

ጥቅሉ ላይ ያለው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ቶን ነው የሚጻፈው። ለኩንታል በ10 አካፍሉት። «100 ግራም» የሚለውን አይቶ ለአንድ ኩንታል 100 ግራም የሚጨምር ሰው የአሥር ኩንታል ኢንዛይም በአንድ ኩንታል ላይ አፈሰሰ። አንዳንድ ጥቅል ላይ ጡት ለጣለ አሳማ የሚታዘዘው መጠንም አብሮ ይሠፍራል፤ እናንተ የምትፈልጉት የዶሮውን መስመር ነው።

ትርፉ የሚታየው ዲሲፒው ሲቀነስ ነው። 500 ኤፍቲዩ ከ0.10 እስከ 0.12 በመቶ የሚሆን ፎስፈረስ ይተካል ብለን እንነሣ። ይህ በኩንታል ከ100 እስከ 120 ግራም ፎስፈረስ ነው። ዲሲፒ 18 በመቶ ገደማ ፎስፈረስ ስላለው በወረቀት ላይ ከ550 እስከ 670 ግራም ዲሲፒ ሊቀነስ ይችላል ማለት ነው። እኛ ግን በአካፋ ለሚደባለቅ መኖ ከ500 ግራም በላይ እንዲቀነስ አንመክርም፤ ድብልቁ ፍጹም እኩል ስለማይሆን ከኢንዛይሙ ጥቂት የሚደርሳቸው ጫጩቶች መጠባበቂያ ያስፈልጋቸዋል። ዲሲፒውን ጨርሶ ማውጣት ደግሞ አይታሰብ። ኢንዛይሙ የሞተ ቢሆን በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ጫጩቱ በቁርጭምጭሚቱ ይቀመጣል፣ ምንቃሩ በጣት ሲጫኑት ይተጣጠፋል።

ዋጋውን እንዲህ አስሉት፦ የአንድ ኪሎ ዲሲፒ ዋጋ ግማሽ፣ ሲቀነስ የ10 ግራም ኢንዛይም ዋጋ። ውጤቱ ከዜሮ በላይ ከሆነ ግዙ። ለጣይ ዶሮ ሲሆን ከዲሲፒው ጋር የወጣውን ካልሲየም ለመመለስ 300 ግራም ያህል የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይጨመራል፤ የእሱንም ዋጋ ቀንሱ። ለጫጩት ግን አትጨምሩ። ካልሲየም ሲበዛ ፋይቴቱን አጥብቆ ይይዘውና ኢንዛይሙ የሚፈታው ያጣል። በጫጩት መኖ ውስጥ ካልሲየሙ 1 በመቶ አካባቢ ላይ ይቁም። የጣይ ዶሮ መኖ ለጫጩት የሚሰጥ ሰው ፋይቴዝ መግዛቱ ትርጉም የለውም፤ ከዚያም በላይ የጫጩቱን ኩላሊት ይጎዳል።

እስከ ዛሬ ዲሲፒ ሳይጨምር በጨውና በኖራ ድንጋይ ብቻ ሲደባልቅ ለኖረ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው። ምንም ሳይቀንስ ፋይቴዝ መጨመሩ ይጠቅመዋል፤ ሆኖም ጥቂት ዲሲፒ መግዛትን አይተካለትም።

ፉርሽካ የራሱ የተፈጥሮ ፋይቴዝ አለው፤ በቆሎና ማሽላ ግን እዚህ ግባ የሚባል የላቸውም። ስለዚህ መኖው በበቆሎ ላይ የተመሠረተ በሆነ መጠን የተገዛው ፋይቴዝ ጥቅሙ ይጎላል።

ገብስና ስንዴ ሲበዙ፦ ቤታ ግሉካኔዝና ዛይላኔዝ

ተልባ ወይም አብሽ ውሃ ውስጥ ሲያድር የሚፈጥረውን ዝልግልግ ነገር አስቡት። የገብስ ቤታ ግሉካን በጫጩት አንጀት ውስጥ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ገብስ ከ3 እስከ 6 በመቶ ቤታ ግሉካን አለው። ይህ ነገር ሲሟሟ አንጀቱ ውስጥ ያለው ምግብ ይዝለገለጋል፣ የጫጩቱ የራሱ የመፍጫ ፈሳሽ ወደ መሐል አይገባም፣ ስቡ ሳይፈጭ ያልፋል። ከውጭ የሚታየው ምልክት የሚያጣብቅ ኩስ ነው፤ መቀመጫው ላይ ደርቆ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ጉዝጓዙን ያረጥባል። ስንዴ ላይ ያንኑ ሥራ የሚሠራው አራቢኖዛይላን የሚባለው ነው፤ ከገብሱ ቀለል ይላል።

ቤታ ግሉካኔዝ የገብሱን፣ ዛይላኔዝ የስንዴውን ይቆርጣል። ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ላይ ተቀላቅለው ይሸጣሉ፤ ገብስና ስንዴ ለሚደባልቅ ሰው ይህ ጥሩ ነው። ለገብስ የሚገዛ ሰው ግን ቤታ ግሉካኔዝ የሚለው ስም ጥቅሉ ላይ መኖሩን በዓይኑ ይይ። ዛይላኔዝ ብቻ የሆነ ዱቄት የገብሱን ችግር አይፈታም።

ውሳኔው በመጠንና በዕድሜ ይወሰናል። በኩንታል እስከ 10 ኪሎ ገብስ ለጫጩት ያለ ኢንዛይም ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ቤታ ግሉካኔዝ ይግባ፤ ከኢንዛይሙ ጋር እስከ 20 ኪሎ መሄድ ይቻላል። ይህ ልዩነት ገብስ ከበቆሎ በሚረክስበት ጊዜ ዋጋ አለው። ከአራት ሳምንት በታች ያለ ጫጩት ከኢንዛይሙ ይበልጥ ይጠቀማል። ቄብ ሲሆን አንጀቱ እየበረታ ይሄዳል፤ ጣይ ዶሮ ደግሞ ገብስን በደንብ ይችላል። ለጣይ ዶሮ ይህን ኢንዛይም ለመግዛት ምክንያት የሚሆነው የእንቁላል መቆሸሽ ነው። ከመቶ እንቁላል ውስጥ በኩስ የተለወሰውን ለአንድ ሳምንት ቁጠሩና ወስኑ።

አዲስ የታጨደ ገብስና ስንዴ ከከረመው ይበልጥ ያዝለገልጋሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከአውድማ በቀጥታ የመጣውን እህል ለጫጩት ከመስጠት ጥቂት ሳምንታት ማቆየት ራሱን የቻለ መፍትሔ ነው፤ ወጪም የለውም።

የእነዚህ ኢንዛይሞች መለኪያ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ አንዱ በአንድ ዓይነት ሙቀትና አሲድነት ይለካል፣ ሌላው በሌላ። ስለዚህ «ይሄኛው 10,000 ነው፣ ያኛው 4,000 ብቻ ነው» እያሉ ሁለት ኩባንያዎችን በቁጥር ማወዳደር አይሠራም። የምታወዳድሩት ጥቅሉ ላይ ለአንድ ቶን የታዘዘው ግራም ስንት ብር እንደሚያወጣ ነው።

ዛይላኔዝ በበቆሎና በነጭ ማሽላ ላይ ለተመሠረተ መኖ ብዙ አይሠራም፤ በሁለቱም ውስጥ የሚሟሟው ነገር ትንሽ ነው። «የኑግ ፋጉሎን ፋይበር ይፈጫል» ተብሎ ሲሸጥም ተጠንቀቁ። የኑግ ፋጉሎ ፋይበር አብዛኛው የማይሟሟ የቅርፊት እንጨት ነው፤ በጫጩት ሆድ ውስጥ በሚቆይበት አጭር ሰዓት ኢንዛይሙ ከሱ የሚያወጣው ብዙ የለም። ፉርሽካና ፉርሽኬሎ ከኩንታሉ ሩቡን ከያዙ ግን ዛይላኔዝ መሞከር ተገቢ ነው።

ዱቄቱ ሕያው ነው ወይ? በብርጭቆ ማየት

ኢንዛይም ሲሞት መልኩም ሽታውም አይለወጥም። ቤታ ግሉካኔዝን ቤት ውስጥ በግምት መፈተሽ ይቻላል። ጥሬ ገብስ (አሻሮ ወይም በሶ አይሆንም) በደቃቁ አስፈጭታችሁ ንፉ። በሁለት ብርጭቆ ውስጥ እኩል 50 ግራም ዱቄት አድርጉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ለብ ያለ፣ ጣት ሲያስገቡበት የማያቃጥል ውሃ 150 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። በአንደኛው ብቻ ኢንዛይሙን በሁለት ጣት ቁንጥር ጨምራችሁ ሁለቱንም በጥብጡ። ውሃው እንዳይቀዘቅዝ ሁለቱንም ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ አቁሟቸው፤ በየአሥር ደቂቃው አማስሉ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሁለቱንም በማንኪያ ከፍ አድርጋችሁ አፍስሱ። ኢንዛይም ያልገባበት እንደ ቀጭን አጥሚት ተያይዞ ሲወርድ ሌላው እንደ ውሃ ጠብ ጠብ ካለ ዱቄቱ ይሠራል። ልዩነት ከሌለ በዚያ ዱቄት ላይ ተማምናችሁ ገብስ አትጨምሩ። ፈተናው መኖሩን እንጂ ብዛቱን አይናገርም፤ ለፋይቴዝም አያገለግልም።

ሳይገዙ ማድረግ የሚቻለው፦ ማራስና ብቅል

ገብስ ሲርስና ሲበቅል ቤታ ግሉካንን የሚቆርጠውን ኢንዛይም ራሱ ያወጣል። ጠላ የሚጠምቅ ቤት ሁሉ ብቅል አለው፤ በፀሐይ የደረቀ ብቅል ኢንዛይሙ ሳይሞት ይቆያል። አሻሮ ግን ተቆልቷል፣ ምንም የለውም። ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው የብቅል ተረፈ ምርትም በሙቀት ስላለፈ የኢንዛይም ምንጭ አድርጋችሁ አትቁጠሩት፤ ለፕሮቲኑ ብቻ ይጠቅማል።

አሠራሩ ይህ ነው፦ ለ10 ኪሎ የተፈጨ ገብስ ግማሽ ኪሎ የብቅል ዱቄትና 10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ደባልቁ፣ በንጹሕ ባልዲ ከድናችሁ ከቤት ውስጥ አሳድሩ። ጠዋት ከቀረው ደረቅ መኖ ጋር ቀላቅላችሁ ጫጩቶቹ በጥቂት ሰዓት የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጡ። የተረፈውን አንሡ፣ መመገቢያውን እጠቡ፤ የረጠበ መኖ ቀኑን ሙሉ ከቆየ ይሻግታል። የጎንደር ክረምት ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ በሐምሌና በነሐሴ ባልዲው ምድጃ ካለበት ክፍል ይደር። ፉርሽካውም አብሮ ቢርስ የራሱ ፋይቴዝ ሥራ ይጀምራል።

ከሃምሳ እስከ መቶ ጫጩት ለሚያሳድግ ሰው ይህን ከገበያው ኢንዛይም እናስቀድማለን። ከዚያ በላይ ሲሆን የሚጠይቀው ጉልበትና ንጽሕና ስለሚበዛ ዱቄቱን መግዛት ይቀላል። ብቅሉ ራሱ ሻጋታ ካለው ግን ለጫጩት አይሰጥ፤ ሽታው ያስታውቃል።

ፕሮቲዬዝና «ሁሉን በአንድ»

ፕሮቲዬዝ ፕሮቲንን ለመፍጨት ያግዛል፤ ጥቅሙ የሚታየው ግን ድብልቁ በላቦራቶሪ ቁጥር ተመጥኖ ፕሮቲኑ ሆን ተብሎ ሲቀነስ ነው። በግምት ለሚደባልቅ ሰው አኩሪ አተሩን በወጉ መቁላት ይበልጥበታል። አምስትና ስድስት ኢንዛይም የያዘ ቅይጥ ከመግዛታችሁ በፊት የእያንዳንዱ መጠን መጻፉን ተመልከቱ፤ ስም ብቻ ተደርድሮ ቁጥር ከሌለ አትግዙት። ፋይቴዝ፣ ዛይላኔዝና ቤታ ግሉካኔዝ በቁጥር የተጻፈበት ቅይጥ ግን ገብስና ስንዴ ለሚጠቀም ሰው ከሦስት ጥቅል የተሻለ ነው።

አደባለቁ ላይ የሚበላሸው

10 ግራም በ100 ኪሎ ውስጥ ማለት አንድ እጅ በአሥር ሺህ ነው። በቀጥታ ክምሩ ላይ ቢበተን አንዱ ጫጩት ሃያ እጥፍ ያገኛል፣ ሌላው ባዶ። ሚዛኑ አንድ ግራም የሚለይ ይሁን፤ በማንኪያ መስፈር አይሆንም፣ የዱቄቶቹ ክብደት ይለያያልና። 10 ግራሙን ከ200 ግራም ደቃቅ የበቆሎ ዱቄት ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ለሦስት ደቂቃ አናውጡ። ያንን ወደ 2 ኪሎ፣ ሁለቱን ኪሎ ወደ 10 ኪሎ አሳድጉ። ከዚያ ሸራ ላይ በተዘረጋው መኖ ላይ በስሱ ነስንሱና በአካፋ ከአንድ ክምር ወደ ሌላ ክምር ቢያንስ አራት ጊዜ አዙሩ። ዱቄቱን ስትይዙ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ፤ የኢንዛይም ብናኝ ሲደጋገም አስም ያስነሣል።

የፈላ ውሃ በመኖው ላይ አታፍስሱ። ብርድ ሲሆን ለጫጩት መኖ በሙቅ ውሃ የሚለውሱ ብዙ ናቸው፤ ያ ኢንዛይሙን ባንድ ጊዜ ይገድለዋል። ኢንዛይሙን ከፕሪሚክሱ ጋር ቀላቅላችሁ ለወራት አታስቀምጡ፤ ማዕድናቱና በተለይ ፕሪሚክሱ ውስጥ የሚገባው ኮሊን ክሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር እርጥበት ስበው ያደክሙታል። በተናጠል፣ በተከደነ ዕቃ፣ ከምድጃና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ርቆ ይቀመጥ። ሱቅ ላይ ከትልቅ ጥቅል ተቀንሶ በስስ ላስቲክ የታሰረ፣ የምርት ቀንና መለያ ቁጥር የሌለው ዱቄት ምንም ቢረክስ አትግዙ።

ኩስ ስለረጠበ ብቻ ኢንዛይም አያስፈልግም። መጀመሪያ የሚያፈስ መጠጫ፣ ከዚያ የበዛ ጨው ይታይ፤ በኩንታል ከ300 እስከ 400 ግራም ጨው ይበቃል። ደም ያለበት ኩስ ከታየ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

በራስ ቤት ማወዳደር

ክፍሉን በሽቦ ለሁለት ክፈሉ፤ በየጎኑ ከአንድ ጊዜ የገቡ 50 ጫጩቶች፣ እኩል መብራት፣ እኩል መጠጫ ይኑራቸው። ከአንድ ድብልቅ ግማሹን ያለ ኢንዛይም፣ ግማሹን ከኢንዛይም ጋር አድርጉ፤ የገብስ ኢንዛይም ከሆነ የምትፈትኑት ገብሱ በሁለቱም እኩል ይሁን፣ ፋይቴዝ ከሆነ ዲሲፒው ኢንዛይም ከገባበት ጎን ብቻ ይቀነስ። የገባውን መኖ በየቀኑ መዝኑ፤ በ7ኛው ቀን መቀመጫው የተደፈነውን ጫጩት በየጎኑ ቁጠሩ፤ በ28ኛው ቀን ሁሉንም በቡድን መዝናችሁ የተበላውን መኖ ለጨመረው ክብደት አካፍሉ። ሦስትና አራት በመቶ ልዩነት በ50 ጫጩት ላይ በአጋጣሚም ይመጣል፤ ስለዚህ በቀጣዩ ዙር ጎኖቹን አለዋውጣችሁ ድገሙት። የፋይቴዙ ጎን ክብደቱ እኩል ሆኖ ዲሲፒው ከቀነሰ ሥራውን ሠርቷል፤ አምስት ጫጩት ይዛችሁ እግራቸውንና ምንቃራቸውን በጣት ፈትሹ።